በዳንቴል የሸፈንኩት የዓይን መታጠቢያ

ውኃ ሲፈስ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። በምኖርበት በደሴ፣ ሆጤ በሚባለው ሰፈራችን፣ ውኃ በተራ ነው የሚመጣው። ተራችን በደረሰ ቀን ቧንቧው ገና አየር ሲተፋ ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ። በርሜሉ ይሞላል፤ ጀሪካኖቹ፣ ባልዲው፣ ትልቁ ድስትም ሳይቀር ይሞላሉ። ሁሉም ሞልቶ ውኃው ካላቆመ ጎረቤት እጠራለሁ እንጂ መሬት ላይ አላፈስም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሰበብ ለመፈለግ አይደለም። በኋላ ያደረግሁት ነገር ከየት እንደመጣ አንባቢው እንዲያውቅ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የሳሙና ፋብሪካ በኮንትራት ቀጠረችኝ። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነበር፤ የብርጭቆ ዕቃ ማጠብ፣ የናሙና መዝገብ መያዝ፣ የኬሚካል መደርደሪያውን በሥርዓት መጠበቅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልተማርኩም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ በዕቃ ግምጃ ቤት ስለሠራሁ ዕቃ መጠበቅ አውቃለሁ። ዕቃ መጠበቅ ማለት ለእኔ አለማስነካት ነበር።

ላብራቶሪው ውስጥ ሦስት ነበርን። ኃላፊያችን ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ፈጣን፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ። ሌላው ቴክኒሻኑ ነው፤ አርባን ያለፈ፣ ረጅም፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። እሱም ደሴ ስለሚኖር ጠዋት በአንድ ሚኒባስ እንወርዳለን። ቀድሞኝ ይደርስና በመስኮቱ በኩል ቦታ ይይዝልኛል።

«እትዬ፣ ዙፋንዎ ተይዟል» ይላል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እኔ ሄጄ እቀመጣለሁ። ደሴ በጉም ውስጥ ሹራብ ደርቤ የተሳፈርኩት ሴትዮ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን በክንዴ አንጠልጥዬ እወርዳለሁ።

ከላብራቶሪው በር አጠገብ አረንጓዴ የተቀባ የብረት ቧንቧ ቆሟል። ከላይ እንደ ሰፌድ የሰፋ የሻወር ራስ አለው፤ ሦስት ማዕዘን እጀታው ሲጎተት ውኃው ባንዴ ይለቀቃል። ከወገብ ከፍ ብሎ ደግሞ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ ትናንሽ ክዳን ያላቸው ሁለት የውኃ ማፍለቂያዎች። በጎን ያለው መግፊያ ሲገፋ ውኃው ክዳኖቹን ጥሎ ወደ ላይ ይፈልቃል፤ እስኪዘጉትም ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ዓይኑ ውስጥ ኬሚካል የገባበት ሰው ፊቱን ደፍቶ ሁለቱንም ዓይኖቹን ይታጠብበታል።

«ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ውስጥ ከገባ ከሐኪም በፊት ውኃ ነው» አለችን ኃላፊያችን በተገጠመ ቀን። «አሥራ አምስት ደቂቃ። ሰውየው በቃኝ ቢልም አሥራ አምስት ደቂቃ።»

ከዚያ አንድ ካርድ ፕላስቲክ ውስጥ ከትታ ቧንቧው ላይ አንጠለጠለች። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሻወሩንም የዓይን መታጠቢያውንም ከፍቶ ውኃው እስኪጠራ ማፍሰስ፣ ክዳኖቹን ማየት፣ ቀኑን ጽፎ መፈረም። ፈራሚዋ እኔ ሆንኩ።

«ካልተነካ ለምን ይከፈታል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውኃ ዝገት ይይዛል እትዬ። ይበላሻል።»

«እኛ ቤት በርሜል ውስጥ ሳምንት ቆሞ እንጠጣዋለን።»

ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም።

የመጀመሪያው ሰኞ እጀታውን ጎተትኩ። ውኃው እንደ ነሐሴ ዝናብ ወረደ። ወለሉ ላይ መውረጃ አልተሠራለትም ነበርና እስከ መደርደሪያዎቹ ሥር ሄደ። ቴክኒሻኑ ሱሪውን ሰብስቦ መወልወያ አነሣ።

«እትዬ፣ የቦርከናን ወንዝ ይዘውብን መጡ» አለ።

አብረን ስንጠርግ ረፈደ። እኔን ያስጨነቀኝ መጥረጉ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ንጹሕ ውኃ ነው። በልቤ በጀሪካን እየለካሁት ነበር። በሁለተኛው ሰኞ ባልዲ አስቀመጥኩ፤ ሻወሩ ከባልዲው ይሰፋል። በሦስተኛው እጀታውን ነካ አድርጌ ለቀቅሁት። በአራተኛው ሻወሩን ትቼ የዓይን መታጠቢያውን ብቻ፣ እሱንም ለአፍታ ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ በጨርቅ መወልወል ብቻ ሆነ። ብረቱ ያብረቀርቃል፤ ካርዱ ላይ እፈርማለሁ።

ያን ጊዜ ይህን ውሸት አላልኩትም። ምክንያቱም ቴክኒሻኑ የዓይን መታጠቢያውን በየቀኑ ይከፍተው ነበር። ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ውዱ የሚያደርገው እዚያ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ሌላ ቧንቧ የለም፤ እኔም ዕቃ የማጥበው ሳሙናው ከሚፈላበት ክፍል በባልዲ በማመጣው ውኃ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ የዚያ ቧንቧም ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መግፊያውን በክርኑ ይገፋና እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ ክንዱን ይታጠባል። ድምፁን ከወንበሬ ሆኜ እሰማለሁ። እየተከፈተ ነው ብዬ ሰኞ እፈርማለሁ።

አንድ ቀን ከመጋዘን ስመለስ ጫማውን አውልቆ አንድ እግሩን ሳህኑ ውስጥ አድርጎ አገኘሁት።

«አንተ! እሱ እኮ የዓይን ነው!»

«ዓይኔን አስቀድሜ አጥቤያለሁ እትዬ፤ አሁን የእግሬ ተራ ነው።»

«እግር እዚህ ላይ ይነሣል?»

«እግሬን እንደ ዓይኔ ነው የማየው። ወላሂ አላዳላም።»

«አትሣቅብኝ። ነገ ያንተው ዓይን ቢቃጠል እግርህን ባጠብክበት ልትታጠብ ነው?»

ሳቁን ተወ። እግሩን አወረደና ሳህኑን በእጁ እየዳበሰ አለቀለቀው።

«እውነትዎን ነው። መርሐባ፣ እሺ። አፉ ይበሉኝ» አለ። ይቅርታ ሲጠይቅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው፤ አፉ ይበሉኝ።

ስለ እግሩ ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ግን እግርህን ብቻ አታንሣ ብዬ አልተውኩትም፤ ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳትነካው አልኩት። በማግሥቱ አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ በጉልበቱ መሀል አቅፎ ይይዘዋል፤ ከቤቱ ሞልቶ ነው የሚመጣው። ከሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር ያስቀምጠዋል። የመስኮቱን ቦታ እንደ ቀድሞው ይይዝልኛል፤ አላኮረፈም።

በዚያ ሰሞን ሳሙናችንን ሊገዙ የሚያስቡ ሰዎች ፋብሪካውን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረን። ኃላፊያችን ሁሉም ነገር ንጹሕ ይሁን አለች። እኔም ቤት ሄጄ ነጭ ክር አወጣሁ። ለቴሌቪዥኔ፣ ለብፌዬ፣ ለሬዲዮዬ ዳንቴል የሠራሁ ሴት ነኝ፤ አቧራ አልወድም። ለዓይን መታጠቢያው ልኩን በስንዝር ወስጄ በሦስት ምሽት ክብ ዳንቴል ሠራሁለት፤ ዳሩን ቅጠል በቅጠል። ከሥሩ ፌስታል አደረግሁ፤ አቧራው በዳንቴሉ ቀዳዳ እንዳይገባ። በሁለት ገመድ ከሳህኑ ሥር አጥብቄ አሰርኩት።

ቴክኒሻኑ በሩ ላይ ቆሞ አየው።

«ኧረ በአላህ! ቧንቧውን ሒጃብ አለበሱት?»

«ሥራህን ሥራ።»

«አይ፣ አምሮበታል። ጠያቂ ቢመጣ እኔ ነኝ ወሊው፣ ዳሪው፤ በርካሽ አልድረውም።»

ኃላፊያችን እንኳ ስልኳን አስቀምጣ ሳቀች። እንግዶቹ መጥተው አንደኛው ዳንቴሉን በጣቱ ነካ አድርጎ «የእናት እጅ ያለበት ላብራቶሪ ነው» አለ። ካርዱን አገላብጦ አየ፤ ፊርማዬ በየሳምንቱ አለ። ደስ አለኝ። ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያን ውኃ የከፈተው ሰው የለም። ሰኞ ሲመጣ ዳንቴሉን አራግፋለሁ፣ ብረቱን እወለውላለሁ፣ እፈርማለሁ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ቤቴ ወስጄ አጥቤ ተኩሼ መልሻለሁ፤ መግፊያውን ግን አልነካሁም። በኋላ ስቆጥረው አሥራ አንድ ሰኞ ነው።

አደጋው የደረሰው ሐሙስ ቀን፣ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ቴክኒሻኑ ከማፍሊያው ክፍል ትኩስ የኮስቲክ ሶዳ ናሙና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶት ነበር። ኮምቦልቻ ያን ቀን ይሞቅ ነበርና መከላከያ መነጽሩ በላብ ደብዝዞበት ወደ ግንባሩ ሰቅሎታል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቢከር የሚባለውን የመለኪያ ብርጭቆ በባልዲው የሳሙና ውኃ አጥባለሁ። ክዳኑ ሲፈታ የታፈነው ሙቀት ሶዳውን ይዞ ተፈናጥሮ ሲወጣ ድምፁን ሰማሁ።

አልጮኸም። «ያ አላህ» ብቻ አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ «ዓይኔን እትዬ። ቀኙን።»

ክንዱን ይዤ ወደ ቧንቧው ወሰድኩት። አራት እርምጃ ነው። ደረስንና ገመዱን መፍታት ጀመርኩ። ሰኞ ለት ድርብ ቋጠሮ ነበር ያሰርኩት። ጣቶቼ እርጥብ ናቸው፤ ጥፍሬ አይገባም። እሱ ከኋላዬ በእጁ ዓይኑን ጨብጦ ይወዛወዛል።

«ውኃ እትዬ። ውኃ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ።»

ቋጠሮው አልፈታ ሲለኝ ዳንቴሉን ከዳሩ ይዤ ቀደድኩት። ፌስታሉን ሳብኩ። መግፊያውን ገፋሁ፤ አልሄደም። በሁለት እጄ ስገፋው ሄደ። መጀመሪያ አየር አሳለ። ከዚያ ከአንደኛው ማፍለቂያ ብቻ ውኃ ወጣ፤ ቀይ፣ እንደ ጭቃ፣ የዝገት ቅርፊት ያለበት። እሱ ፊቱን ሊደፋበት ጎንበስ ብሏል። ግንባሩን በመዳፌ መልሼ ገፋሁት።

«እዚህ አይሆንም!»

«ለምን?»

ዓይኔ ማንቆርቆሪያው ላይ አረፈ። ዙሁር ገና ነበር፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ቴክኒሻኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት፤ ራሱን ወደ ቀኝ አዘነበልኩ፣ የሚወርደው ወደ ደኅናው ዓይን እንዳይሄድ። የዓይኑን ቆብ በሁለት ጣቴ ከፍቼ በማንቆርቆሪያው አንገት በቀጭኑ አፈሰስኩበት። ራሱን ይስባል፤ በጉልበቴ ደግፌ ያዝኩት። ዓይኑ ነጩ ሁሉ ቀልቶ ነበር። ወደ ቧንቧውም አያለሁ። ቀይ ነው። አሁንም ቀይ ነው። ውኃው ወለሉን ሞልቶ ቀሚሴ ውስጥ ገብቷል። ስለሚፈሰው ውኃ ያላሰብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኃላፊያችን ሮጣ ገባች።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«አላውቅም። አንቺ ያዢ።»

ስልኳን አውጥታ መቁጠር ጀመረች። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ የቧንቧው ውኃ ገና የሻይ መልክ ነበረው። እጠብቅ? አልጠብቅ? ከሶዳው እሱ ይሻላል አልኩና አንሥቼ ፊቱን ደፋሁት። ከሻይ ወደ ሎሚ ሄደ፤ ከዚያ ጠራ። ሁለተኛው ማፍለቂያ እስከ መጨረሻው አልሠራም።

«ስንት ሆነ?» አለ ውኃው ውስጥ ሆኖ።

«ስድስት» አለች ኃላፊያችን።

«ስድስት ብቻ? በቃኝ።»

«አልበቃህም» አልኩት።

«እትዬ ይጨክናሉ።»

«አዎ።»

የተረጨበትን ጋውን አወለቅንለት፤ አንገቱንና ጉንጩን አጠብን። አሥራ አምስት ሲሞላ በፋብሪካው መኪና ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይዤው ወጣሁ። መንገዱን በሙሉ የታሸገ ውኃ አፈስበት ነበር። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲታጠፍ እጄ ይስት ነበር። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ «መብራት ይታየኛል፤ ሌላ ግን ምንም» አለ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የዓይን ሐኪሙ እያየው ጥያቄ ጠየቀኝ። ምን ገባበት? ከስንት ሰዓት በፊት? ለምን ያህል ጊዜ ታጠበ? ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ «በምን ውኃ?» አለ።

«በቧንቧ ውኃ» አልኩ።

ጻፈ። ቴክኒሻኑ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ሚስቱ ተጠርታ መጥታ በእግሩ በኩል ቆማለች፤ ጥቁር ሻሿን በጥርሷ ነክሳ። እኔ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ።

«ዶክተር፣ መጀመሪያ ከማንቆርቆሪያ ነው፤ እሱ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ከቧንቧ። ቧንቧው ዝገት ነበረበት። ሙሉ በሙሉ ሳይጠራ ነው የደፋሁት።»

ቀና ብሎ አየኝና የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ። ዝገት ካለ ቅርፊት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቆቡን ገልብጦ አየ። አንዲት ቅንጣት አወጣ። ትንሽ ናት፤ ጥጡ ላይ አሳየኝ። የዓይኑ ነገር በሳምንት ውስጥ ይለያል፤ ያን ጊዜ ነው የምናውቀው አለን። ዓይኑን በፋሻ ሸፈነው።

ሚስቱ ከኮሪደሩ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አብሽሩ እማ፤ እርስዎም ደክመዋል» አለችኝ። «ያ ማንቆርቆሪያ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? እኔ ነኝ ፒያሳ ወርጄ የገዛሁለት። ከሥራ ቦታ ውኃውን ከለከሉኝ ሲለኝ ተናድጄ፣ የከለከለህ ሰው እጁ ይታሰር ብዬ ረግሜ ነበር።»

«እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

ዘወር ብላ አየችኝ።

«እርስዎ?»

«እኔ። ከዚያ በኋላም ከፍቼ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ዝገቱ የመጣው ከዚያ ነው። ፈርሜያለሁ ግን።»

ሰዎች በፊታችን ያልፋሉ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አላህ ዓይኑን ይመልስልኝ እንጂ» አለች በመጨረሻ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ስለረገምኩዎ አፉ ይበሉኝ» አለች። እኔ ልለው የሚገባኝን እሷ አለችው። እጇን ይዤ ተነሣሁ።

ያን ሳምንት የትም ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮቱ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሌላ ሰው እስኪይዘው ቆሜ እጠብቃለሁ። ሥራ ቦታ የታጠበ ቢከር እንደገና አጥባለሁ። ቤቴ ስገባ ቧንቧውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ተራችን ደርሶ ውኃ ሲመጣ ጎረቤቴ «በርሜልሽ እየፈሰሰ ነው!» ብላ እስክትጮህ ቆሜ ቀለሙን አየው ነበር። እሑድ ብርቱካን ይዤ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ፤ ፋሻው እንዳለ ነው። ስለ ዓይኑ አልጠየቅሁም።

«ዙፋንዎን ማን ያዘው?» አለኝ።

«ማንም።»

«ይጠብቁት፤ እመጣለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ካርዱን ከቧንቧው ላይ አውርጄ ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በአሥራ አንዱ ፊርማ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «አልተከፈተም» ብዬ ጽፌያለሁ። ከእነዚያ በፊት ባሉት ላይ ደግሞ «ሻወሩ አልተከፈተም» ብያለሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ በስተቀር።

አነበበችው። «እትዬ፣ ይህን አሁን ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«አዲስ ካርድ እንሰቅላለን፤ ከዛሬ እንጀምራለን። እንግዶቹ ተመልሰው ቢመጡ ይህንን እኔ ምን ብዬ ላሳያቸው?»

«እንደሆነው።»

«ከሥራ ሊያስወጣዎት ይችላል እኮ።»

«ይችላል።»

ካርዱን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ግን ቆሜ ጠበቅኋት። አወጣችውና በራሷ እጅ ቧንቧው ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ ከሥሩ አዲሱን። ከዚያ ወንበሯን አዙራ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔም እኮ በየወሩ አይቼ መፈረም ነበረብኝ። ፊርማዎን እያየሁ ነው የፈረምኩት።» ከሥራ አልወጣሁም። ለቅጣት የአንድ ወር ደመወዜ ተቆረጠ፤ ስለሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

በዚያው ሳምንት ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። የተደፈነውን ማፍለቂያ ፈታ፤ ውስጡ በዝገት ተሞልቶ ነበር። ወለሉን ቆፍሮ መውረጃ ሠራለት፤ ከመውረጃው እስከ ግቢው በርሜል ቱቦ ዘረጋ። ከበርሜሉ ዘበኛው አትክልቱን ያጠጣል። ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ አልኩ በልቤ፤ ደግሞ መልሼ፣ ማን ቢጠይቅ ነው የሚሠራው አልኩ። ውኃው ወለሉን ሞላው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እጄን ሰብስቤ ነበር ዝም ያልኩት።

ፋሻው የተፈታው በስምንተኛው ቀን ነው። ሚስቱ ደወለችልኝ። «ያያል» አለች። ቶሎ በውኃ መታጠቡ ነው ያተረፈው ብሎ ነገራት ሐኪሙ። ግን እንደ ድሮው አይደለም። ቀኝ ዓይኑ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ቀረች። ብርሃን ይወጋዋል። በዚያ ዓይን ብቻ ሲያይ ቀለም ይደበዝዝበታል፤ ቢጫና ነጭ አይለይለትም። ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ሲመለስ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ቦታ ይዞ አገኘሁት።

«እትዬ፣ ዙፋንዎ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ሰው አልሰማም። ማንቆርቆሪያው በጉልበቱ መሀል ነበር።

ተቀመጥኩ። መኪናው ቁልቁለቱን እስኪጀምር ጠበቅሁ።

«ውዱ የምታደርግበትን አልከለክልህም ከእንግዲህ» አልኩት። «እግርህን ብቻ አታንሣ።»

«አይ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ። የዓይን ነው። አውቄዋለሁ አሁን የዓይን መሆኑን።» ሳቀ። «ግን ሰኞ ሲከፍቱት የሚፈሰውን ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ያድርጉልኝ።»

«አፉ በለኝ» አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ በዚህ ቃል ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ መስኮቱ ዞሮ መነጽሩን አስተካከለ። «አፉ ብዬዎታለሁ፤ የዚያኑ ለት» አለ።

አሁን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሻወሩን እጎትታለሁ፤ ይወርዳል፣ ወደ በርሜሉ ይሄዳል፤ እኔም ቆሜ አየዋለሁ። ልቤ አሁንም በጀሪካን ይለካዋል፤ አልተውም። ከዚያ የዓይን መታጠቢያውን መግፊያ እገፋለሁ። ከላዩ ክዳኖቹ ብቻ ናቸው ያሉት። የተቀደደው ዳንቴል ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አልጠገንኩትም፤ አልጣልኩትምም።

ቴክኒሻኑ ሰዓቱን ይዞ አጠገቤ ይቆማል። የቆመበት በመስኮቱ ትይዩ ስለሆነ ብርሃኑ ይወጋዋል፤ ግራ ዓይኑንም አብሮ ይጨፍነዋል። ነጭ ኩባያ ይዤ ከሁለቱም ማፍለቂያ በየተራ እቀዳለሁ፤ ወደ ብርሃኑ አነሣለሁ። እሱ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ይጠብቃል።

«ጠራ?» ይለኛል።

ኩባያውን አዘንብዬ ሥሩን አያለሁ። እደፋለሁ። እንደገና እቀዳለሁ። ብዙውን ጊዜ ጠርቷል። ባለፈው ሰኞ ግን ከሥሩ አንዲት ቡናማ ነጥብ ነበረች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ።

«እትዬ፣ ጠራ?»

«ገና» አልኩት፤ ውኃው እየፈሰሰ።